ስለ ዶሮ ላባ ቀለምና ዘርን ስለ መምረጥ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ ያለ አገር ነው። የአቃቂ ወንዝ ይፈስበታል፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡርም ወደ ከተማው ሊገባ ሲቃረብ በዚያ ያልፍ ነበር። በዚህ ትምህርት ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ። በዚያ አገር የቁም ከብት ገበያ አለ፤ የዘመን መለወጫ፥ የገናና የፋሲካ ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከየገጠሩ ዶሮ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው። ሻጩ የዶሮዎቹን እግር አስሮ በምድር ላይ ያኖራቸዋል፤ ገዢውም በእጁ እያነሣ ክብደታቸውን ይመዝናል፥ ደረታቸውንም ይዳስሳል። ዳሩ ግን እጁ ከመዳሰሱ አስቀድሞ ዓይኑ ላባውን አይቶ ፈርዷል። ቀዩን አውራ ዶሮ ብዙ ሰው ይሻማበታል፤ ጥቁሩን ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል።

የአማርኛ ቋንቋ ለዶሮ መልክ የሰጠው ስም ብዙ ነው። ቀይ፥ ነጭ፥ ጥቁር የሚባለው የታወቀ ነው። ጥቁርና ነጭ ተቀላቅሎበት ሽበት የመሰለው ገብስማ ይባላል፤ እንደ ጅግራ ነጠብጣብ ያለበት ዝግርማ ይባላል፤ አንገቱ ላባ የሌለበትንም መላጣ ይሉታል። በ1986 የኢትዮጵያን ዶሮዎች የመረመረ አንድ ሊቅ እነዚህኑ የሕዝብ ስሞች ወስዶ፥ ጥቁር፥ መላጣ፥ ቀይ፥ ገብስማና ነጭ እያለ ከፋፍሏቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሡ መርማሪዎች ግን ቀለም ብቻውን ዘርን ለይቶ እንደማያሳይ አስተዋሉ፤ በአንድ መንደር ከአንዲት እናት ዶሮ ቀይም፥ ነጭም፥ ገብስማም ጫጩት ይወጣልና።

እንግዲህ ይህ ቀለም ከወዴት ይመጣል? ስለ ምንስ ይለወጣል? ቀለምን የሚመርጥ ሰውስ በምርጫው ምን ያገኛል፥ ምንስ ያጣል? ይህን መመርመር ለገበሬም፥ ለነጋዴም፥ ለተማሪም ይጠቅማል።

በእንስሳት ዘንድ የቀለም መለወጥ ሦስት ዓይነት ነው።

ፊተኛው ለጊዜው የሚሆን ለውጥ ነው። የዚህ ምሳሌ እስስት ናት። እስስት በኢትዮጵያ ደጋ አገር፥ በአዲስ አበባም ዙሪያ በቍጥቋጦና በአትክልት መካከል ትገኛለች። ብዙ ሰው እስስት የምትለወጠው የቆመችበትን ቅጠል ወይም እንጨት ለመምሰል ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቍጣ፥ ፍርሃት፥ ብርድና ሙቀትም መልኳን ይለውጡታል። በ2015 የጄኔቭ ሊቃውንት በማዳጋስካር የሚገኘውን አንድ ዓይነት እስስት መርምረው፥ በቆዳው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብርሃን የሚመልሱ ደቃቅ ቅንጣቶች እንዳሉ ገለጡ። እስስቱ ልቡ ሲረጋ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፥ መልኩም አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲቈጣ ግን ይራራቃሉ፥ መልኩም ወደ ብጫና ወደ ቀይ ይዞራል። ቍጣው ሲበርድም ወደ ቀድሞው መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ሰዎች ቃሉ የማይጸናውን ሰው እስስት ይሉታል።

ሁለተኛው በዕድሜ የሚመጣ ለውጥ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከሆነ በኋላ አይመለስም። ነጭ ዶሮ የሚሆነው የፈረንጅ ጫጩት ከእንቁላል ሲወጣ ብጫ ነው። ጀርባው ላይ ቡናማ መስመር የነበረበትም ጫጩት አድጎ እንደ እሳት ነበልባል የቀላ አውራ ዶሮ ይሆናል። መጀመሪያ ለስላሳው የጫጩትነት ጠጉር ይረግፋል፤ በርሱም ፈንታ የልጅነት ላባ ይበቅላል፤ ይህም ደግሞ ረግፎ የጕልማሳነቱ ላባ ይተካል። ይህ ለውጥ ያለ ምክንያት አይደለም። መስመር ያለበት ጫጩት በሣርና በደረቅ ቅጠል መካከል ሲተኛ ጭልፊት ቶሎ አያየውም፤ ያደገው አውራ ግን እንስቶቹን የሚጠራበት፥ ተቀናቃኙንም የሚያስፈራበት ውበት ያስፈልገዋል።

በሩቅ አገርም ይህን የመሰለ ድንቅ ነገር አለ። በኒው ጊኒ ደሴትና በሰሜን አውስትራልያ በኬፕ ዮርክ ዱር ውስጥ በዛፍ ላይ የሚኖር አረንጓዴ ዘንዶ ይገኛል። ይህ ዘንዶ ከእንቁላል ሲወጣ ግን አረንጓዴ አይደለም፤ በአንዳንዱ ስፍራ ብጫ፥ በሌላው ስፍራ ቀይ ሆኖ ይወጣል። በኬፕ ዮርክ ያጠኑት ሊቃውንት በ2007 እንደ ጻፉት፥ ብጫው ግልገል አንድ ዓመት ያህል ኖሮ ርዝመቱ ከ53 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በደረሰ ጊዜ ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። ታናሹ የሚኖረው በዱሩ ዳርና ለምድር በቀረበ ስፍራ ነው፤ በዚያ ብጫው ቀለም ከጠላት ዓይን ይሰውረዋል። ሲያድግ ግን ወደ ዛፉ ጫፍ ይወጣል፤ በዚያም ቅጠል የሚመስለው አረንጓዴ ይሻለዋል። እንዲህ ከሆነ የቀለሙ መለወጥ ከስፍራውና ከሥራው መለወጥ ጋር የተስማማ ነው።

ሦስተኛው በትውልድ የሚመጣ ለውጥ ነው። ይህ በአንዱ እንስሳ ላይ አይታይም፤ አባቶችንና ልጆችን፥ የልጅ ልጆችንም ሲያስተያዩ ይታያል። በዱር ሳለ የሚመርጠው ጭልፊት፥ ረኃብና በሽታ ነው፤ በቤት ግን የሚመርጠው ሰው ነው። ዶሮ የተገኘችው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ከዚያ አንድ መልክ ዛሬ የሚታየው ነጩ፥ ጥቁሩ፥ ገብስማውና ወርቃማው ሁሉ የበዛው የሰው እጅ ይህን እያኖረ ያንን እያረደ ስለ መረጠ ነው። አረንጓዴውንም ዘንዶ በቤታቸው የሚያሳድጉ የውጭ አገር ሰዎች ሰማያዊ የሚያደላበትን ከሰማያዊ፥ ብጫው የማይጠፋበትንም ከብጫ ጋር እያራቡ፥ በዱር በጥቂቱ ብቻ የሚታየውን መልክ አብዝተዋል።

መንጋን በቀለም መለየት ጥንታዊ ሥራ እንደ ሆነ ከኦሪት ዘፍጥረት ይታወቃል። ያዕቆብ በአማቱ በላባ ቤት ሲያገለግል ደመወዙ ዝንጕርጕርና ነቍጣ ያለበት በግና ፍየል እንዲሆን ተዋዋለ። ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው በውኃ ማጠጫው ፊት ያቆማቸውን የተላጡ በትሮች ነው። ዳሩ ግን በዚያው ታሪክ ውስጥ ያዕቆብ ስላየው ሕልም ሲናገር፥ መንጋውን የሚያጠቁት አውራዎች ራሳቸው ዝንጕርጕሮች እንደ ነበሩ ይገልጣል። የልጁ መልክ ከአባትና ከእናት ዘር የሚመጣ መሆኑን አስተዋይ ሰው ከዚህ ይረዳል።

የዘርን ሕግ በቍጥር ያሳየው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ ነው። እርሱ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራና እየቈጠረ ያገኘውን በ1866 በጽሑፍ አወጣው፤ በሕይወቱ ሳለ ግን ነገሩን ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በ1902 ዊልያም ቤትሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ያው ሕግ በዶሮም እንደሚሠራ አስታወቀ። የሕጉ ነገር ባጭሩ ይህ ነው፤ ልጅ ለያንዳንዱ ጠባይ ከአባቱ አንድ፥ ከእናቱም አንድ ድርሻ ይቀበላል፤ ከሁለቱም አንደኛው ተሰውሮ ሊቈይና በልጅ ልጅ ሊገለጥ ይችላል።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆን አንዳሉዝያ የተባለው አመድማ ዶሮ ነው። አሳዳጊዎቹ መልኩን ስለ ወደዱት አመድማውን ከአመድማ ጋር ብቻ ያራቡ ነበር። ነገር ግን ምንም ቢጠነቀቁ ሁልጊዜ ጥቁርና ነጣ ያለ ጫጩት ይወጣባቸው ነበር፤ እነርሱም ዘሩ ተበላሸ እያሉ ያዝኑ ነበር። በኋላ እንደ ታወቀው ከ100 ጫጩት 50 ያህሉ አመድማ፥ 25 ያህሉ ጥቁር፥ 25 ያህሉም ነጣ ያለ ይሆናል። አመድማው መልክ ራሱ የጥቁሩና የነጣው ድርሻ በአንድ አካል ሲገናኙ የሚገኝ ነውና። ጥቁሩን ከነጣው ጋር ቢያጋጥሙ ግን ጫጩቶቹ ሁሉ አመድማ ይሆናሉ። ስለዚህ ዶሮዎቹ አልበደሉም፤ ሰዎቹ ሕጉን ሳያውቁ በከንቱ ተቈጡ።

ሕጉን ያወቁ ግን ቀለምን ለጥቅም አዋሉት። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው የሚያረባው ቦቫንስ ብራውን የተባለው ዶሮ ከተመረጡ አባትና እናት የተዳቀለ ነው። እናቲቱ ነጭነቷን የምታወርሰው ለወንዶች ልጆቿ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጫጩቶቹ ከእንቁላል በወጡበት ቀን ነጣ ያለው ወንድ፥ ቡናማውም ሴት መሆኑ በዓይን ይለያል። እንዲህ ያለው ቀለም እውነተኛ ምልክት ነው፤ አንድን ነገር ያመለክታል፥ የሚያመለክተውም ነገር በውስጡ ይገኛል።

ዳሩ ግን ቀለም ሁሉ ምልክት አይደለም። ቀይ ላባ ያላት ዶሮ ቀይ በመሆኗ ብቻ እንቁላል አታበዛም፤ ጥቁርም ዶሮ ጥቁር በመሆኗ አትሰንፍም። የአገር ዶሮ በየደጃፉ እየለቀመች በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። ለእንቁላል ብቻ ስትመረጥ የኖረች የፈረንጅ ዶሮ በመልካም መኖና በመልካም ጥበቃ 300 ያህል ትጥላለች። ይሁን እንጂ ይህች የፈረንጅ ዶሮ እንቁላልዋን ታቅፋ መፈልፈልን ከሞላ ጎደል ትታለች፤ የሚመርጧት ሰዎች ለብዙ ትውልድ የምታቅፈውን ትተው የማታቋርጠውን ብቻ ስላስቀሩ ነው። የአገር ዶሮ ግን ታቅፋ ትፈለፍላለች፥ ከጭልፊትም ልጆቿን ትጠብቃለች። እንግዲህ መራጭ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን እንደሚያጣ ይወቅ።

ከአቃቂ እምብዛም በማይርቀው በቢሾፍቱ፥ ማለት በደብረ ዘይት፥ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ማእከል በ2008 መልካም ሥራ ተጀመረ። በምዕራብ ኢትዮጵያ ከሆሮ የመጡትን የአገር ዶሮዎች እየመረጡ ያራቧቸው ጀመር። የተመለከቱት ላባቸውን ሳይሆን የእንቁላላቸውን ቍጥር፥ የሰውነታቸውን ክብደትና በሕይወት መቈየታቸውን ነው። በጥቂት ትውልድ ውስጥም እንቁላሉና ክብደቱ እየጨመረ ሄደ። የአገር ዘር ደካማ መስሎ ይታይ የነበረው የሚመርጠው ሰው ስላላገኘ መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ይህን ነገር የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ አለ። በአቃቂ ወንዝ አጠገብ ሁለት ሴቶች በጕርብትና ይኖሩ ነበር፤ አንደኛዪቱ ያረጀች መበለት፥ ሁለተኛዪቱም አንድ ልጅ ያላት ወጣት ሴት ነበረች። ሁለቱም ዶሮ ያረቡ ነበር። ወጣቲቱ በገበያ ቀይ ዶሮ እንደሚወደድ ስላየች፥ ቀዮቹን ብቻ አስቀርታ ገብስማውንና ጥቁሩን ሁሉ ለበዓል ሸጠች። አሮጊቲቱ ግን እያንዳንዷ ዶሮ በጣለች ቍጥር በጓዳዋ ግድግዳ ላይ በከሰል አንድ አንድ መስመር ታሰምር ነበር። ለማስታቀፍም የምታኖረው ብዙ መስመር ያላትን ዶሮ እንቁላል ነበር።

አንድ ቀን ወጣቲቱ መጥታ፥ እግሯ የገረጣ አንዲት ገብስማ ዶሮ አየችና፥ «እትዬ፥ ይህች ዶሮ ታማለች መሰለኝ፤ እግሯ ነጥቷል። የኔዎቹ እግራቸው እንደ አደይ አበባ ብጫ ነው። ፈንግል ሳይዛት ቢሸጧት አይሻልዎትም?» አለቻት። አሮጊቲቱም ፈገግ ብላ፥ «ልጄ፥ ገና ቄብ ሳለች የርሷም እግር ብጫ ነበር፤ ብጫውን በእንቁላልዋ አስኳል ውስጥ ሰጥታ ነው የገረጣችው» ብላ መለሰችላት። ወጣቲቱ ግን ነገሩ ቀልድ መስሏት ሄደች።

አሮጊቲቱ የተናገረችው እውነት ነበር። እግረ ብጫ የሆነች ዶሮ ከበቆሎና ከለምለም ቅጠል የምታገኘው ብጫ ቀለም፥ መጣል ከጀመረች በኋላ ወደ አስኳሉ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ በጣለች ቍጥር መጀመሪያ አፏ፥ በኋላም እግሯ እየገረጣ ይሄዳል። መጣል ስታቆም ብጫው ይመለሳል። በመጣያዋ ወራት እግሯ እንዳማረ የቈየ ዶሮ ብዙ ጊዜ ጥቂት የጣለች ናት።

ሦስት ዓመት አለፈ። የወጣቲቱ ዶሮዎች በሙሉ ቀይ ሆኑ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቃቸው ነበር። እንቁላላቸው ግን ከዓመት ወደ ዓመት አነሰ፤ መልካም የሚጥሉትን ከሌሎቹ ጋር ሸጣቸው ነበርና። በዚያ ዓመት ልጇ ትምህርት ቤት የሚገባበት ጊዜ ደረሰ። ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ከእንቁላል ሽያጭ ይገኛል ብላ ታስብ ነበር፤ ቅርጫቷ ግን ባዶ ሆነ። ልጁም ጓደኞቹ ሲሄዱ ከደጃፍ ቆሞ ያያቸው ጀመር። እናቱ ይህን ባየች ጊዜ ልቧ ተሰብሮ ወደ አሮጊቲቱ ዘንድ ሄደች፤ «እትዬ፥ ዶሮዎቼ ከዱኝ» ብላም አለቀሰች።

አሮጊቲቱ አስቀምጣት፥ «ልጄ፥ ዶሮዎችሽስ አልከዱሽም። ቀለም ጠየቅሻቸው፥ ቀለም ሰጡሽ። እንቁላልንስ መቼ ጠየቅሻቸው?» አለቻት። ከዚህ በኋላ ከገብስማዪቱ ዶሮ 12 እንቁላል ሰጥታ አስታቀፈቻት፤ ለልጁም የደብተር መግዣ የሚሆን ገንዘብ አበደረቻት። ወጣቲቱም ወደ ቤቷ ገብታ ከምድጃው ከሰል አንሥታ፥ በግድግዳዋ ላይ የመጀመሪያውን መስመር ለማስመር ተዘጋጀች። ከታቀፈው እንቁላል የወጡት ጫጩቶች መልካቸው ልዩ ልዩ ነበር፤ እርስዋ ግን ስለ ላባቸው አልጠየቀችም።

ከዚህ ሁሉ ሌላ አንባቢ ሊጠነቀቅለት የሚገባ አንድ የቀለም ለውጥ አለ፤ እርሱም የነጋዴ ቃል መለወጥ ነው። ከኢንዶኔዥያ ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው አረንጓዴ ዘንዶ በቤት የተራባ ነው ይባል ነበር። ሊቃውንት ነገሩን መርምረው በ2011 እንዳስታወቁት ግን፥ በቤት ተራባ ተብሎ ከተላከው ከ100 እጅ 80 ያህሉ ከዱር የተያዘ ነበር፤ ቍጥሩም በየዓመቱ ከ5,000 በላይ ነበር። ዱሩ ባዶ እየሆነ ሳለ ወረቀቱ ግን ንጹሕ ነበር። በአቃቂም ሆነ በሌላ ገበያ የፈረንጁን ቡናማ ዶሮ የአበሻ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢኖር፥ ሥራው ከዚህ አይለይም። የዶሮዪቱ ላባ አልዋሸም፤ የዋሸው አፍ ነው። የተታለለውም ገዢ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን በባልንጀራው ላይ የነበረውን እምነት ጭምር ያጣል።

እንግዲህ ከሦስቱ የቀለም ለውጦች ሦስት ምክር ይገኛል። ከእስስት፥ በቍጣና በፍርሃት ተለዋውጦ ወዲያው የሚመለስ ጠባይ ለሰው እንደማይበጅ እንማራለን። ከጫጩት፥ ሕፃንነት የራሱ ላባ እንዳለው፥ በጊዜው ሲረግፍም ሊያሳዝን እንደማይገባ፥ ስፍራና ሥራ ሲለወጥ ጠባይም ማደግ እንዳለበት እንማራለን። ከመንጋው ደግሞ፥ ሰው ዛሬ የሚመርጠው ነገር ነገ በቤቱ እንደሚበዛ እንማራለን። ልጆቹን ስለ ልብሳቸው ብቻ የሚያመሰግን አባት ስለ ልብስ የሚጨነቁ ልጆች ያገኛል፤ ስለ እውነተኛነታቸውና ስለ ትጋታቸው የሚያመሰግን ግን እውነትንና ትጋትን ያበዛል። ሥራ የሠራ እጅ ሊሻክር፥ ሌሊት ያነበበ ዓይንም ሊደክም ይችላል፤ የገብስማዪቱም ዶሮ እግር ገርጥቶ ነበር። ብልህ ሰው ስለ መገርጣቱ አይንቀውም፤ ምን ሰጥቶ እንደ ገረጣ ይጠይቃል እንጂ።

ጥያቄ።

1. የቀለም መለወጥ ሦስቱ ዓይነቶች ምን ምን ናቸው? ለያንዳንዱ ምሳሌ ስጥ።
2. አመድማውን ዶሮ ያረቡ ሰዎች በከንቱ ያዘኑት ስለ ምንድር ነው?
3. ብዙ የምትጥል ዶሮ እግሯ የሚገረጣው ለምንድር ነው?
4. ወጣቲቱ ሴት በምርጫዋ ምን አገኘች? ምንስ አጣች?
5. በቤትህ ወይም በመንደርህ ሰዎች በመልክ ብቻ የሚመርጡት ነገር ምንድር ነው? በምንስ ቢመረጥ ይሻላል?